የደብሬ ጥቁርና የንጋቱ ጠርሙስ

ባለፈው ሰሞን ጥቁር ቀሚሴን ከሣጥን አወጣሁት። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የለበስኩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ ከሣጥን አይወጣም። አራግፌ በመስኮቱ ፊት ከፍ አድርጌ ያዝኩት። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ማንኛውንም ነገር በብርሃን ፊት ካላየሁት አላምንም፤ ልጆቼ «እማዬ የዘይት ጠርሙስ እንኳ ወደ ፀሐይ ሳታነሳ አትገዛም» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቀሚሱ ለቅቋል። ትከሻው ወደ ቡኒ፣ ጫፉ ወደ አመድ ሄዷል፤ የመስኮቱም ብርሃን በክሩ መሐል አልፎ ፊቴ ላይ ደረሰ። አፍንጫዬን ስደፋበት ግን ሽታው አሁንም አለ፤ የፈላ ቀለም፣ የጨውና የእንጨት ጭስ ሽታ። ይህን ቀሚስ የነከረችው የቡሬዋ ደብሬ ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ልጇ የሻረግ ደውላ «እትዬ፣ እማዬ አረፈች» ያለችኝም ስለዚችው ደብሬ ነው።

ለማያውቃት ልንገር። በዚያ ዘመን የሐዘን ልብስ ከሱቅ አይገዛም ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ብትሄዱ ጥቁሩ ቀሚስ ከሙሽራው ቀሚስ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ሻጩም «የማይለቅ ነው» ብሎ ይምልላችኋል። ያኔ ግን ሰው የሞተበት ቤተሰብ ያለውን ልብስ፣ ነጩንም አበባውንም፣ ጠቅልሎ ደብሬ ዘንድ ይወስዳል። ቤቷ ከቡሬ ከተማ ዳር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ጥዳ፣ ከሱቅ የምትገዛውን የቀለም ዱቄት በጥብጣ፣ ጨው ጨምራ ትቀቅላለች፤ ወደ ማታ ደግሞ ወንዝ ወርዳ ታለቀልቃለች። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ጥቁር ነው፣ በፋሲካም በሠርግም። ሰላም ስትል መዳፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ልጆች በደጇ ሲያልፉ ይሮጣሉ፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ ወደዚያ ቤት የሚያቀና ሰው ሲያዩ «ማን ሞተበት?» ነው የሚሉት። ሞትን የምታመጣው እሷ ትመስል! ስለ እሷ ብዙ ይወራ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን የሚናገራት አልነበረም፤ ነገ ማን እንደሚፈልጋት አይታወቅማ።

እኔ በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ነጭ ጋዎኔን ቅዳሜ አጥቤ፣ በስታርች አድርቄ፣ ሰኞ ስለብሰው የማልረታ ሐኪም እመስል ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት ዘመን ነው። አንድ መደብ ማንጎ በብር፣ ያውም ሻጯ ምራቂ ካልወሰድሽ ብላ የምትቆጣበት። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሦስት ብር ይኬዳል፤ ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሲቆም የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት ይገባል። ጎረምሶቹ በዚያ ሙቀት የጅንስ ጃኬት ይደርባሉ፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጅንስ ጉርድ በሸራ ጫማ። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ክረምቱን በሙሉ አንድ የመለያየት ዘፈን ብቻ አሰማን። ያልተለያየነው ሁሉ የተለያየን እስኪመስለን ድረስ። አሁን እዚያው ቦታ ላይ የስልክ ካርድና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ሁሉም ዘፈኑን በየጆሮው ይዞ ያልፋል። ሰው ብቻውን ሲስቅ ሳይ አሁንም እደነግጣለሁ።

ኮምፒውተሩና የብርሃን መለኪያው በአንድ ሰሞን ደረሱን። ኮምፒውተሩ ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ ተሰፋለት፤ እዚያ የሚገባ ሁሉ አቧራ እንዳይገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ካልሲው የተቀደደ ተማሪ ራሱን አመመኝ ብሎ ይቀራል። የብርሃን መለኪያው የጫማ ሣጥን የምታክል ነገር ናት። በውስጧ አምፖል አለ፤ ቀለም ያለው ውሃ በትንሽ ብልቃጥ አድርገን ስናስገባላት ውሃው ምን ያህሉን ብርሃን እንደጠጣ በቁጥር ትነግረናለች። ያመጣው መምህር አዳነ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን የሚያጎፍር ልጅ። ለእሱ ሁሉ ነገር «ሲምፕል» ነው። «ሲምፕል ነው እኮ እትዬ አስናቁ! ቀለም ብርሃን ይጠጣል። ብዙ ቀለም ብዙ ይጠጣል፣ ትንሽ ቀለም ትንሽ ይጠጣል።» እኔም «ታዲያ ይኼን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» እለው ነበር። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ያሉት አባቶቻችን ጠጅን በብርሃን ፊት አንስተው ካላዩ የማይጠጡት ለምን ሆነና!

እውነቱን ለመናገር ግን ያንን ትምህርት ወደድኩት። ኮፐር ሰልፌቱን እበጠብጥና በውሃ እያቀጠንኩ ብልቃጦቹን በመደርደሪያው ላይ እሰድራለሁ፤ ከዳር ያለው ውሃ ነው ሲሉት ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ትንሽ ይደምቃል፣ ቀጥሎ ትንሽ፣ መጨረሻው የመስቀል ሰሞን ማታ ሰማይ። የእያንዳንዱን ቁጥር ስናነብ ተማሪዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ያሰፍሩታል። ኤክሴል ይሉታል፤ መስመርና ዓምድ ብቻ ነው፣ የዕድር መዝገብ የመሰለ። አዳነ አንድ ነገር ሲጫን ግን ቁጥሮቹ ነጠብጣብ ይሆኑና ነጠብጣቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ይዤ ቀረሁ። ብልቃጦቼ ከመደርደሪያው ተነስተው መስታወቱ ላይ የወጡ ነው የመሰለኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ይህን ሲሠሩ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም።

በዚያ ሥራ ከሁሉ የምትቀድመው የሻረግ ነበረች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቡሬ መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር። ዝምተኛ ናት፤ ጣቶቿ ግን ፊደል መጫኛው ላይ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም። ጥፍሯ ሥር የማይለቅ ጥቁር ነገር አይ ነበር፤ የእስክሪብቶ ቀለም ነው ብዬ አለፍኩት። የደብሬ ልጅ መሆኗን ያወቅነው ነገሩ ከመጣ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ በጋ ከደብሬ ቤት በታች ከብት የሚጠጣበት መልካ ላይ ውሃው መጥቆር ጀመረ። ጥጆች ሆዳቸው ተነፋ። አያ በላይ የሚባሉ፣ እርሻቸው ከከተማው በላይ፣ ግጦሻቸው ከከተማው በታች የሆነ፣ በአገሩ ቃላቸው የሚሰማ ገበሬ አንድ ጥጃ ሞተባቸው። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል? ወንዝ ዳር ጥቁር የሚያፈላ አንድ ሰው ብቻ አለ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ ደብሬ ወይ በርሜሏን ትገለብጣለች ወይ ከዚያ ቦታ ትነሳለች ተባለ። በርሜሉ ከተገለበጠ የየሻረግ የቤት ኪራይ የለም፤ ኪራዩ ከሌለ ትምህርት የለም። ልጅቱ ይህን ለአዳነ የነገረችው መሬት መሬት እያየች ነው። አዳነም «ሲምፕል ነው» አለ። ቡሬ ሄዶ ሽማግሎቹን ለምኖ፣ ውሃው በትምህርት ቤቱ መሣሪያ እስኪታይ ድረስ ነገሩ እንዲቆይ አስደረገ። አያ በላይም አልተቃወሙም። «ይታይ። ሲቀዳ ግን እኔ ራሴ እቆማለሁ» አሉ እንጂ።

የመድኃኒት ጠርሙሶች አጥቤ፣ ሰዓቱ የሚጻፍበት ፕላስተር ለጥፌ፣ በካርቶን አሰርኩላቸው። አንድ ቅዳሜ አዳነና የሻረግ ጎህ ሳይቀድ መልካው ላይ ደርሰው፣ ከብቱ ወደ ቤት እስኪመለስ ድረስ በየሰዓቱ ቀዱ። አያ በላይ ቃላቸውን ጠብቀው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጠገባቸው አልተለዩም፤ አንዳንዱን ጠርሙስ ራሳቸው ይዘው ተመለከቱ። ሰኞ ካርቶኑ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሚኒባሱ ያንገላታቸው ጠርሙሶች ተደበላልቀዋል። እኔም እጄ የገባውን እያነሳሁ ወደ ብልቃጡ እገለብጣለሁ፤ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የሻረግ ትጽፋለች። አንዱ ጠርሙስ ሲገለበጥ የከረመ ሻይ ይመስል ነበር። «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብዬ ቁጥሩን አነበብኩ፤ እሷም ጻፈች። ሌሎቹ ይህን ያህል አይደሉም።

ሁሉም ከገባ በኋላ አዳነ ሰዓቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንዲደረድር ማሽኑን አዘዘው። ደረደረ። ሥዕሉ ወጣ። መስመሩ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጤፍ ማሳ ተኝቶ ሄደና መጨረሻው ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሽቅብ ተወነጨፈ። አዳነ ያን ቀን ሲምፕል አላለም። ደብሬ ልብስ ልታለቀልቅ ወንዝ የምትወርደው ሲመሽ እንደሆነ ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጫማዬን እንዳወለቅኩ ቆሜ ቀረሁ። የሻረግ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እጇን አየችና ወጣች።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን ሳታጠልቅ ነው የወጣችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ ለእኔ ዋሽታኝ አታውቅም፤ ‹እኔ የማለቀልቀው ታጥቦ የጠራውን ነው› ነበር የምትለኝ» አለች። እንባዋ ይወርዳል። ምን ይባላል? ሰውን ማጽናናት አልችልበትም፤ ሳጽናና የምጠይቀው ስለ ምግብና ስለ መንገድ ነው።

«ለመሆኑ ማታ ስትቀዱ አልመሸባችሁም?» አልኳት። «በዚያ ወንዝ ጅቡ እንዴት ነው?»

«ማታ አልቀዳንም እትዬ። ከብቱ ሲገባ እኛም ገባን።»

«ታዲያ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ማን ቀዳው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ነኝ የቀዳሁት። ጤዛው እግሬን አርሶት…» አለችና ቆመች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እትዬ! የጠዋቱ ነው! አሥራ ሁለት የጠዋቱ ነው!»

በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች፤ እኔም በአቅሜ ተከተልኳት። አዳነ እንደሰማ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እኛ ቀኑን በአሥራ ሁለት አንግተን ወደ አንድ ሰዓት ነው የምንሄደው፤ ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር እንጀምራለን። ማሽኑ ምን በወጣው! ለእሱ አሥራ ሁለት ከአሥራ አንድ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ መጨረሻ አስቀምጦ፣ ንጋቱን ምሽት አድርጎ ሰጠን። አዳነ ያቺን አንዲት መስመር ከታች አንስቶ ከላይ አደረጋት። ሥዕሉ ተገለበጠ። ውሃው ገና ሳይነጋ ጠቁሮ፣ ፀሐይ እየሞቀ ሲሄድ ይጠራል፤ ደብሬ ወንዝ የምትወርድበት ሰዓት ሲቃረብ ከቀኑ ሁሉ የጠራ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ወንዙ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኔም ሄጃለሁ፤ አይቀርብኝም። ደብሬ ለብቻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላለች። አዳነ የታተመውን ወረቀት ዘርግቶ አስረዳ፤ ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው፣ ግን ሰው ያጉረመርም ጀመር። «የቀዳችው ልጇ! የጻፈችው ልጇ! መጀመሪያ ማታ ነው ሊሉ ነበር አሉ፣ አሁን ጠዋት ነው ይላሉ» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። የሻረግ ፊቷ አመድ መሰለ። ይኼኔ የሽማግሎቹ አንጋፋ ወደ አያ በላይ ዞሩ።

«በላይ፤ ጥጃ የሞተብህ አንተ ነህ። ከንጋት እስከ ማታ የቆምኸውም አንተ ነህ። የጠቆረው ጠርሙስ የቱ ነው?»

አያ በላይ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ የእሳቸውን ወገን ይዘው የመጡ ናቸው፤ ዘመድ ናቸው፣ ጎረቤት ናቸው። አንዲት ቃል ብትበቃቸው ክርክሩ የእሳቸው ነበር። 

«የንጋቱ ነው» አሉ። «በዚህ እጄ ይዠዋለሁ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገር። ጨለማው ነው ያጠቆረው ብየ ነበር።»

«ሌሊት ደፍታው ቢሆንስ!» ብሎ ጮኸ ያው ሰውዬ።

አያ በላይ ወደ እሱም አልዞሩ። «እንግዲያውስ ነገ ሲነጋ ከቤቷ በላይ እንቅዳ። ውሃ ሽቅብ አይፈስ።»

አንጋፋው ሽማግሌ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ተነሱ፤ የዚያን ቀን ጉባኤ በዚሁ አበቃ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አያ በላይ፣ አዳነና የሻረግ ከደብሬ ቤት በላይ ቀዱ። ብልቃጥም የብርሃን መለኪያም አላስፈለገም፤ በዓይን የሚታይ ጥቁር ሻይ ነው። ጥቁሩን ተከትለው ሽቅብ ሄዱ፤ ያደረሳቸውም ገበሬዎቹ ለመስኖ የሌሊቱን ውሃ የሚያቁሩበት ክትር ነው። በዚያ በጋ አገሩ ሁሉ ቤት ይሠራ ነበር። ምስጥና ነቀዝ እንዳይበላው ብሎ ሁሉም የባሕር ዛፍ አጠናውን ከነልጡ ክትሩ ውስጥ ዘፍዝፏል፤ ልጡም ውሃውን ያጠቁረዋል። ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ያደረው ውሃ ጎህ ሳይቀድ ይለቀቃል፤ ግማሹ ወደ ሽንኩርቱ፣ ግማሹ ወደ ወንዙ። ከአጠናዎቹም መሐል አያ በላይ የራሳቸውን መጥረቢያ ምልክት ያለበትን አገኙ። የሻረግ እንደነገረችኝ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ራሳቸው ጎትተው አወጡት። ጥጃቸውን የገደለው ያ ውሃ ይሁን ሌላ በሽታ ዛሬም የሚያውቅ የለም። አጠናው ሲወጣ ግን ውሃው ጠራ።

የዚያኑ ቀን አያ በላይ እንደ አገሩ የይቅርታ ወግ ትልቅ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ደብሬ ደጅ ቆሙ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ደብሬ ብቅ ብላ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ያውርዱት አያ በላይ» አለች። «የበርሜሌ ጉልቻ አንዱ ተሰብሮብኝ ነበር፤ ይኼ ልኩ ነው።» እሳቸው ራሳቸው ተሸክመው ጓሮ አገቡላት፤ ከበርሜሉ ሥርም አስተካክለው ተከሉት። እኔም እዚያው ቡሬ አድሬ ነበር፤ ልሰናበታት ስገባ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ውሃውን አጠራችሁልኝ፣ ተባረኩ። የሰውን አፍ በየትኛው ጠርሙስ ትቀዱታላችሁ?» አለችኝ። 

ባለቤቴ የሞተው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ። ቀሚሴን ይዤ ደብሬ ዘንድ ሄድኩ፤ ሌላ የት ይኬዳል? ስትነክር ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጨውን በእፍኟ ዘገነች፣ አየችኝ፣ ግማሹን መልሳ የጨው ዕቃው ውስጥ ጨመረችው። ለምን አልኳት። «ጨው ጥቁሩን ያጣብቀዋል» አለች። «ልጅ ለምታሳድግ ሴት አሳንሳለሁ። በየአጠባው ትንሽ ትንሽ ይልቀቅልሽ፤ ልብሱ ሲለቅ ሐዘኑም መንገዱን ያያል።» ከዚያ ፈገግ ብላ ጨመረችበት፤ «ለውርስ ለሚያለቅሰው ግን አበዛለሁ። ይጣበቅበት!» ሬሳ ከወጣ ጀምሮ ስቄ አላውቅም ነበር፤ ያኔ ሳቅኩ፤ ሳቄ መሐል ላይ አለቀስኩ። ደብሬ በጥቁር እጇ ጀርባዬን ይዛኝ ቆየች፤ ያን ቀን እጇን አልደበቀችም።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ይህን ቀሚስ ለብሼ ወደ ቡሬ ሄድኩ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመ ነው፤ የዚያን ቀን እግዜር አደረሰን። የታሪፉን ነገር ባላነሳ ይሻላል፤ በድሮው ሦስት ብር ዛሬ ሚኒባሱን መንካትም አይቻል። ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በባጃጅ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ የመጣውን ሰው ብዛት ሳይ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ልጅ በደጇ ሲያልፍ የሚሮጥባት ሴት፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን የሚከፍትባት ሴት፣ ከወንዙ በላይም በታችም አገሩ ተነቅሎ ወጥቶላታል። ሴቶቹ ለሙሾ ሲሰለፉ ዓይኔ ልማዱን አልተወም። ከዳር በቅርቡ ልጇ የሞተባት አለች፣ ጥቁሯ ድቅድቅ ያለ ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ የለቀቀ፣ ቀጥሎ ቡኒ የመታው፣ ቀጥሎ እንደኔው አመድ የሆነ፣ ከመጨረሻው ደግሞ ወደ ነጭነቱ ሊመለስ የደረሰ። የድሮ ብልቃጦቼ በመደርደሪያው ላይ እንደተሰደሩ ሁሉ ከደማቁ እስከ ቀጭኑ ቆመዋል፤ እያንዳንዷ መቼ እንዳዘነች ከልብሷ ይነበባል። ያ ሁሉ ጥቁር ከአንድ በርሜል የወጣ ነው። አያ በላይ በጣም አርጅተዋል፤ ሚስታቸው የሞተች ጊዜ ደብሬ የነከረችላቸውን ኩታ አጣፍተው በዱላ ተደግፈው ቆመዋል። «ሁላችንንም አልብሳን ሄደች» አሉኝ። እኔም እጃቸውን ሳምኩ።

የሻረግ ዛሬ ባሕር ዳር የውሃ ምርመራ ላይ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ በብርሃን ስትለካ ነው የምትውለው። ለቀብሩ የለበሰችው ከሱቅ የተገዛ ጥቁር ነበር፣ የሚያብለጨልጭ። ሥልስቱ እስኪያልፍ አብሬያት ሰነበትኩ። በሥልስቱ ማግሥት ለቀስተኛው ሲቀንስ ያንን ቀሚስ አውልቃ፣ እናቷ ከፈተለችላት ጥጥ የተሸመነ አንድ ነጭ ቀሚስ ይዛ ወጣች። «የአገሩን ሁሉ ነክራ የእሷን የሚነክር ጠፋ። እትዬ፣ ያግዙኝ» አለችኝ።

በርሜሉ ጓሮ ውስጥ እንደነበረ አለ፤ ከሥሩም ያ የአያ በላይ ድንጋይ፣ ጥላሸት ውጦት ከሌሎቹ ጉልቻዎች አይለይም። ከመደብ ሥር የቀረውን የመጨረሻውን የቀለም ዱቄት አገኘን። እሳት አነደድን። ውሃው ሲፈላ ያ ሽታ ወጣ። ቀሚሱ ሲገባ ነጩ ለአንድ አፍታ ተንሳፍፎ ቆየና ሰጠመ።

የሻረግ የጨውን ዕቃ ከፍታ በእፍኟ ዘገነች። ሚዛን የለመደ እጅ ነው። «እማዬ ምን ያህል ትጨምር ነበር?» አለችኝ። እናቷ ያለችኝን ነገርኳት፤ እንዲለቅ፣ ሐዘኑም መንገዱን እንዲያይ፣ ግማሹን እንደምትመልስ። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ እፍኟን በሙሉ ገለበጠችው፤ ደግማም ዘገነች።

«የሻረግ፣ ይበቃል። እናትሽ ብትሆን ታሳንሰው ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለችና ጨመረችው።